አባቴ የሚረግጡት ኮንክሪት

አባቴ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቤቴ ጠቅልለው የመጡት እናቴ ካረፈች ዓመት ሲሞላት ነው። ዓይናቸው ከዚያ በፊት ቀስ በቀስ ደክሞ ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም አለን። አባቴ ሐኪሙን መርቀው ወጡና ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ቆም ብለው፣ «እንግዲህ እግሬ የሚያውቀውን ቦታ እየመረጥኩ መኖር ነው» አሉኝ።

ጅጋ አጠገብ ባለው የገጠር ቤታቸው እግራቸው የማያውቀው ቦታ አልነበረም። በረቱ የት እንደሚጀምር፣ ጎተራው ጋ ለመድረስ ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልግ፣ ውሻው የቱ ጥግ እንደሚተኛ ያውቁ ነበር። ታናሽ ወንድሜ መሬቱን እያረሰ አብሯቸው ይኖራል። ነገር ግን በእርሻና በአጨዳ ወራት ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው የለም። ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ተማከርንና እኔ ዘንድ እንዲሆኑ ወሰንን።

እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቤቴ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ናት፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው። ከቤቱ በር እስከ አጥሩ በር ሃያ አምስት እርምጃ ያህል ይሆናል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ተሂዶ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከግቢው ጥግ ላይ ነው። መሬቱ ቀይ አፈር ስለሆነ በበጋ ይጎረብጣል፣ በክረምት እግር ይይዛል። እኔ ለዓመታት እየዘለልኩ አልፌበት ስለኖርኩ መንገድ መሆኑን እንኳን አስቤው አላውቅም።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ምሳቸውንና አንድ ጆግ ውኃ አጠገባቸው አስቀምጣለሁ። ማታ ስመለስ ምሳው ተበልቷል፤ ውኃው ግን እንዳለ ነው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። የካቲት ላይ ፀሐዩ በርትቶ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ሳይ ግን ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ ውኃ አይጠጡም እንዴ?»

«አልጠማኝም።»

«በዚህ ሙቀት?»

ጆጉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «የጠጣ ሰው ይወጣል። አንቺ የለሽ። ጎረቤት ጠርቶ ሽንት ቤት አድርሱኝ ከማለት ሳይጠጡ መዋል ይሻላል» አሉኝ። የተናገሩት እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ፤ ባያዩኝም አዞርኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ እራት እየበላን፣ «የከተማ ሰው ደጁ ድረስ ለመሄድ ሰው ይቀጥራል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝና ሳቁ። አባቴ የሚፈልጉትን ነገር በቀጥታ ጠይቀው አያውቁም። መንገድ ሥሪልኝ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

ያኔ መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ስለነበር ሲሚንቶ እንደ ልብ አይገኝም። ወረፋ ጠብቄ ጥቂት ከረጢት አገኘሁ። አሸዋ ያመጣልኝ ባለጋሪ፣ «ጠጠርስ አላመጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠጠሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ስላልገባኝ ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት። እኛ ጋ ግራጫ ሆኖ የጠነከረ ነገር ሁሉ ስሙ ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ድልድይ፣ የሲሚንቶ ምሰሶ፣ የሲሚንቶ ወለል እንላለን። ቋንቋ አስተማሪ ሆኜ እንኳ፣ ሲሚንቶና ኮንክሪት ለአንድ ነገር የወጡ ሁለት ስሞች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የመሐንዲሶች።

የገበያ ቀን ወንድሜ ሲመጣ ስለ ጠጠሩ ጠየቅኩት።

«ጠጠር ለምኑ ነው እታለም?» አለኝ። «የእህል ነጋዴ ጤፍ ውስጥ አፈር የሚጨምረው ለምንድን ነው? ለማብዛት አይደል? እነዚህ ሕንፃ ሠሪዎችም ያው ናቸው። ሲሚንቶ እንዳያልቅባቸው ድንጋይ ይቀላቅላሉ። ለአባታችንማ ንጹሑን ነው የምናደርገው።»

አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው፣ «ልጄ እውነቱን ነው። ከጠጠር ጋር ስጣላ ኖሬ አሁን ደጄ ድረስ ላስገባው ነው?» አሉ። የገበሬ አእምሮ ላለው ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ለእኔም ግልጽ መሰለኝ።

በማግሥቱ ወንድሜ መሬቱን በመቆፈሪያ አስተካከለ። ሲሚንቶውን ጥቂት አሸዋ ብቻ ጨምሮ አቡክቶ አፈሩ ላይ አፈሰሰው። ውፍረቱ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም። ከጎረቤት በተዋሰው የግንበኛ ማንኪያ እያለሰለሰ እስከ አጥሩ በርና እስከ መጸዳጃ ቤቱ ወሰደው። ማታ ላይ እንደ ሳህን ያበራ ነበር። ፀሐዩ በአንድ ቀን ሲያደርቀው ደስ አለን። ቶሎ መድረቁ የጥንካሬው ምልክት መሰለን።

አባቴ በዘንጋቸው ጠርዙን እየነኩ ብቻቸውን አጥሩ በር ድረስ ሄዱ። መጸዳጃ ቤትም ብቻቸውን ደርሰው ተመለሱ። ያን ሰሞን የውኃው ጆግ ማታ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኝ ጀመር። ወንድሜን ስልክ ደውዬ አመሰገንኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን መንገዱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ፤ ውኃ የራቀው ማሳ ይመስሉ ነበር። ችላ አልኩት። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ አባቴ በዘንጋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ከሥሩ ክፍት ነው። ይጮኻል» አሉኝ። እሱንም ችላ አልኩት። የፈተና ሰሞን ነበር፤ የሚታረም ወረቀት ተከምሮብኝ ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ ክፍል ውስጥ ፈታኝ ሆኜ ቆሜ ሳለ ጎረቤቴ ስልክ ደወለች። አባቴ ወድቀዋል። መንገዱ መታጠፊያው ላይ ቅርፊቱ ተገንጥሎ ተሰብሯል። የቀረው ደግሞ ዝናብ ነክቶት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። እግራቸው ስብራቱ ውስጥ ገብቶ ሲደናቀፉ በግራ እጃቸው ተደግፈው ወደቁ። ጎረቤቴ ድምፅ ሰምታ በአጥሩ በኩል ገብታ ነው ያነሳቻቸው።

የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ጀሶ አስሮላቸው ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ፣ «እኔ ነኝ የቸኮልኩት» አሉ። «ዝናብ መሆኑን እያወቅኩ።»

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። የሆነውን ነገርኩት።

«ንጹሑን ነበርኮ ያደረግነው እታለም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አልመጣም። ሥራ በዛ፣ አረም ደረሰ እያለ በሰው እጅ በቆሎና ቅቤ ይልካል። አባቴ ጠዋት ጠዋት፣ «የእናንተ ሰው ደህና ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ልጄ አይሉም። መጥቶ ሊያገኛቸው ማፈሩን ያውቃሉ፣ እንዲመጣ ግን ራሳቸው ጠርተው ሊያሳፍሩት አልፈለጉም። ውኃው ጆግ ውስጥ እንደገና ማደር ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ጀርባ አዳዲስ ክፍሎች ይሠሩ ነበር። ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው የተቦካውን ሲሚንቶ በባሬላ ተሸክመው ይመላለሳሉ። ከመካከላቸው አጠር ያለች፣ ቢጫ ሻሽ ያሠረች ሴት ነበረች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሳልፍ፣ ጎማ ይዞ ውኃ የሚጨምረውን ጎልማሳ እጁን ይዛ ስታስቆመው አየሁ። «በቃ! ውኃው ሲሚንቶውን አጥቦ ሊወስደው ነው» አለችው። ተቆጥቶ መለስ አለ፤ ግን አቆመ። ባሬላዋን እስክታስቀምጥ ጠብቄ ተጠጋኋት።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደጄ ላይ ያሠራሁት ሲሚንቶ ተሰባበረብኝ። ንጹሕ ሲሚንቶ ነበር።»

«ንጹሕ ማለት፣ መምህርት?»

«ጠጠር የሌለው። አሸዋውም ጥቂት ነው።»

«እህ» አለች። «እንግዲያስ ኮንክሪት አላደረጋችሁትማ። ሲሚንቶ ብቻ ነው ያፈሰሳችሁት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ዘወር ብላ ሥራውን ወደሚመራው መሐንዲስ አየች። «እኔን ነው የሚጠይቁኝ? እሳቸው እኮ እዚያ አሉ።»

«አንቺን ነው» አልኳት። «ደግሞ አንቺ በይኝ፤ እኩያ ነን።»

በነጋታው ከሥራ ስትወጣ ቤቴ መጣች። ከሥራ ቦታው የተሰበረ የኮንክሪት ቁራጭ በፌስታል ይዛ ነበር። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አነጋገሯን ሰምተው አገሯን ጠየቋት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ፣ ከአዊ ቤተሰብ መሆኗን ስትነግራቸው በአዊኛ ሰላምታ ሰጧት። በወጣትነታቸው በቅሎ እየነዱ በዚያ አገር ገበያ ይመላለሱ ነበር። እሷም እየሳቀች መለሰችላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማስተዋወቅ አላስፈለገኝም።

ከመንገዳችን ቅርፊት አንዱን አንስታ ቀኝ እጃቸው ላይ አኖረችው። «አባባ፣ ይጫኑት።» ጠርዙ በአውራ ጣታቸው ተሰበረ። ከዚያ ያመጣችውን ቁራጭ ሰጠቻቸው። አገላብጠው ስብራቱን ዳሰሱት። ጣታቸው ከጠጠር ወደ ጠጠር እየሄደ ቆየ።

«ይኼኛው ሆዱ ውስጥ እህል አለበት» አሉ።

«እሱ ነዋ!» አለች። «ሲሚንቶ ዱቄቱ ነው አባባ። ውኃ ሲነካው ይይዛል፤ ማጣበቂያ ነው። በአሸዋ ብቻ ሲቦካ ለግንብና ለልስን ይሆናል። አሸዋም ጠጠርም ገብቶበት አብሮ ሲጠነክር ነው ኮንክሪት የሚባለው። ሲሚንቶ ብቻውን ሲሆን እየደረቀ ይኮማተራል። የሚይዘው ነገር ከሌለ ራሱን ይቀዳድዳል።»

«እኛ ደግሞ ጠጠሩ ማጭበርበሪያ መስሎን» አልኩ።

«ብዙ ሰው ይመስለዋል። እኔም ድሮ ቡሬ ላይ ውኃ ቀጂ ሆኜ ስገባ ይመስለኝ ነበር። ሸክም የሚያበዙብን ይመስለኝ ነበር።» ወደ መንገዱ ተመለሰችና በእግሯ መታ መታ አደረገችው። «ደግሞ ውኃ አላጠጣችሁትም።»

«ቶሎ ደረቀልን ብለን ደስ አለን።»

«እሱ ነው የገደለው። ሲሚንቶ በመድረቅ አይደለም የሚጠነክረው፤ ውኃ ይዞ ሲቆይ ነው። ሰባት ቀን መራስ አለበት።»

አሁኑኑ እንድትሠራልኝ ለመንኳት። እምቢ አለች። ክረምቱ ይውጣ፣ አፈሩ ይጥና፣ ጥቅምት ላይ እመጣለሁ አለች። እስከዚያ የተሰባበረውን አንስተን ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርን፤ ጎረቤቴም ቀን ቀን ብቅ እያለች አባቴን ትወስዳቸው ነበር። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ጀሶው ተፈታ፤ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልታጠፈም።

ጥቅምት እንደገባ ለወንድሜ ደወልኩና ቅዳሜ መንገዱን እንደገና ልንሠራው ነው አልኩት። ጠጠር ሊገባበት መሆኑንም ነገርኩት። «እሽ» ብሎ ዘጋው። የሚመጣ አልመሰለኝም።

ከቅዳሜው ሁለት ቀን ቀድሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በር ላይ የአህያ ጋሪ ቆሟል። ወንድሜ ጋሪው ላይ ያለውን ጠጠር በአካፋ እያወረደ ነው። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው የሚወርደውን ድምፅ ይሰማሉ።

«ከየት ነው?» አሉ አባቴ።

«ከእኛው ወንዝ።»

«የወንዝ ጠጠር ጭቃ አለው።»

«ታጥቧል። ሦስት ጊዜ።»

«ማን አጠበው?»

«እኔ።»

አባቴ በዘንጋቸው እየመሩ ወደ ክምሩ ሄዱና ጎንበስ ብለው እፍኝ ዘገኑ። በጣታቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት። «ንጹሕ ነው» አሉና በማይታጠፈው እጃቸው የወንድሜን ትከሻ ፈልገው ያዙት። ወንድሜ አካፋውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እኔ ሥራ ያለብኝ መስዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ ሴትዮዋ በጠዋት መጣች። መጀመሪያ ለስላሳውን አፈር አንድ ስንዝር ያህል አስወጣችውና ድንጋይ አስደረደረች፤ በላዩ ላይም ጠጠራማ አፈር ጨምራ ጠቀጠቀች። በጣውላ ጠርዝ አበጀችለት። ከዚያ ከእንጨት በተሠራ ሳጥን መስፈር ጀመረች፤ አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ወንድሜ በአካፋ ያገላብጣል፣ እኔ ውኃ አቀብላለሁ። «ቀስ፣ ቀስ» ትለኛለች። «ወጥ አይደለም፤ ሲጨብጡት ቅርጹን ይያዝ።»

አባቴ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ከጠጠሩ ውስጥ ሥራሥርና የአፈር ጓል ይለቅማሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከእህል ጠጠር ስለቅም ኖሬ፣ ዛሬ ለጠጠር እለቅማለሁ» አሉ። ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አፍስሳ አራት ጣት ውፍረት አደረገችው። በየሁለት እርምጃው ቀጭን ጣውላ አቁማ ከፋፈለችው። «መሰንጠቅ ካማረው እዚህ ላይ ይሰንጠቅ» አለች። ወንድሜ ማንኪያውን አንስቶ ሊያለሰልሰው ሲል አባቴ ሰሙት።

«እንዳታለሰልሱት» አሉ።

ሴትዮዋ መጥረጊያ ጠየቀችኝ። ያልደረቀውን ፊት በመጥረጊያው ከጎን ወደ ጎን እየጎተተች ሻካራ አደረገችው። ወደ መጸዳጃ ቤት መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ደግሞ ከክምሩ ድቡልቡሎቹን ጠጠሮች መርጣ በሦስት ረድፍ ግማሻቸው እስኪሰምጥ ሰካቻቸው። «እዚህ ሲደርሱ እግርዎ ይነግርዎታል» አለቻቸው። አባቴ እኔን ጠርተው፣ «ያቺ ሴት ምሳ ሳትበላ እንዳትሄድ» አሉኝ።

ሰባቱ ቀን የአባቴ ሆነ። ባዶ ከረጢቶቹን ላዩ ላይ አለበስነው። እሳቸው በጀሪካንና በጣሳ ከደጃፉ ጀምረው ዳር ዳሩን እየተከተሉ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያጠጡታል። ዶሮ ከወጣችበት በእግሯ ድምፅ ያውቋታል፤ ይጮኹባታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እጄን ከረጢቱ ላይ ሳሳርፍ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ወንድሜ በየማታው እየደወለ «ጠጣ?» ይለኛል። ስለ አባታችን ይሁን ስለ መንገዱ አልጠይቀውም፤ ሁለቱም ጠጥተዋል።

በስምንተኛው ቀን ከረጢቶቹን አነሳን። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙበት። መጀመሪያ በዘንጋቸው መቱት፤ አልጮኸም። ከዚያ ዘንጉን ከበሩ ጋ አስደግፈው፣ ሁለቱን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሄድ ጀመሩ። ድቡልቡሎቹ ጠጠሮች ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። በእግራቸው ጣት ዳሰሷቸውና ቀጥ ብለው አለፉ። አጥሩ በር ላይ ደርሰው መወርወሪያውን ራሳቸው ከፈቱት። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ወጥተው ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ስመለስ፣ ሲሚንቶ ሌላ፣ ኮንክሪት ሌላ መሆኑን ሲያስረዷቸው ደረስኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲከራከሩ ከፌስታል ውስጥ ያንን የተሰበረ ቁራጭ አውጥተው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው።

ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱ ሥራ ሲያልቅ ወደ ቡሬ ተመለሰች። ስትሰናበተን መንገዱን ዳር እስከ ዳር ሄዳ አየችው። ከጣውላ መለያዎቹ በአንደኛው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አሳየኋት። «አላልኩሽም? ባልኩት ቦታ ነው» አለችና ሳቀች። አዲስ ሥራ የያዘችበት ቦታ ድብልቁን እንድትቆጣጠር እንዳደረጓት በኋላ በስልክ ነገረችኝ። ወንድሜ ደግሞ አይጥ አስቸግሮት የጎተራውን ወለል ኮንክሪት ሊያደርግ አስቧል። ሦስቱ ጠጠር ነው ወይስ አሸዋ እያለ ይደውልልኛል። ስለ አንጓው እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሳም፤ አባቴም አላነሱበትም።

ኅዳር ላይ በርበሬ ደረሰ። ጎረቤቴ የምታሰጣበት ደረቅ ቦታ አጥታ መጣችና አባቴን ጠየቀቻቸው፤ እኔን አይደለም። ጥቂት አሰቡ።

«ግማሹን ውሰጂ» አሏት። «ግማሹ የእኔ ነው።»

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ይህን የምጽፈው መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ነው። መንገዱ በቁመቱ ግማሹ ቀይ ሆኗል። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ዛሬ በየት በኩል ነው ያሰጣሽው?» ብለው ይጣራሉ።

«በቀኝ ነው አባባ፣ በግራ ይምጡ!» ትላለች ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ።

በርበሬው እያስነጠሳቸው በግራ በኩል ሄዱ።